ሦስት መስመር ከሰል

አዌቱ ዳር፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ፣
ቆርቆሮው ዝጎ፣ በሩ ባንድ ጎኑ አዘንብሎ፣
ስም የለውም ነበር፤ ታፔላ አልሰቀለም፤
"የሺመቤት ጋ" ሲሉት የሚስተው ግን የለም።

የጅማ ዝናብ ወር አይቆጥር፣ ቀጠሮ አያውቅ፤
ከኮቺ ስንወርድ፣ ጭቃው ጫማችንን ሲነጥቅ፣
መጀመሪያ የምናየው የፋኖሷን ብርሃን ነው፤
ቀጥሎ የጠጅ ሽታ፣ ቀጥሎ ሳል፣ ቀጥሎ ጨዋታው።

እኔ ብርሌ አጣቢ ነኝ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፤
በግራዋ ቅጠል ጋኑን ፈትጌ ስጨርስ፣
አንድ ስሙኒ፣ አንድ ብርዝ፤ ደመወዜ ይኸው ነበር፤
ከዚያ ጥግ ይዞ ሰውን እንደ ፊደል መቁጠር።

ሹፌሩ ደጀኔ ከቦንጋ ሲገባ፣
የካቦርቱ ኪስ ደብዳቤ፣ ጋቢናው የሙሽራ ካባ፤
መምህር ልሳኑ መነጽሩን ጠርጎ ጮክ ብሎ ያነባል፤
ክፉ ወሬ የመጣ ለት መስመር ዘሎ ያልፋል።
መዝለሉን ሁላችንም እናውቃለን።
"ድገመው" የሚል የለም።

አባ ፊጣ አይጠጡም፤ ብርዛቸው ለብቻው፣ በነጭ ጣሳ፤
መግሪብ ሰግደው ይመጣሉ። ሰው ተጣልቶ ሊነሳ
ሲል፣ ከዘራቸውን መሃል መሬት ላይ አስተኝተው፣
"ይህን የሚሻገር ይሻገር!" ማን ደፍሮ ሊያልፈው?

ግድግዳው መዝገብ ነበር፤ ለያንዳንዱ ሰው ምልክት፤
ላልተማረችው እትዬ የሺ ፊደል ምን ሊሆናት!
ለሹፌሩ ጎማ፣ ለመምህሩ መነጽር፣ ለተሸካሚው ዳልጋ ከረጢት፤
ከሥሩ በከሰል መስመር፣ በብርሌው ቁጥር፣ ሌሊት በሌሊት።

ዳልጋ የሞተ ጊዜ ዘመዱ ዳውሮ ነው፣ ሩቅ፤
ከፈኑ ከጠጁ ገንዘብ ተገዛ።
ስምንት ብርሌ ነበረበት። እትዬ የሺ ተነስታ
በክርኗ ጠረገችው፤
"መንገድ የጀመረ ሰው በዕዳ አይያዝም" ብላ።

በእግሩ የሚሄድን ግን ትይዝ ነበር።
አገር ሊለቅ ያለ ሰው ሒሳቡን ሊዘጋ ቢመጣ፣
"ጥቂቷን ተዋት!" ትላለች በቁጣ፤
"ዕዳ የሌለበት ሰው ምን ብሎ ይመለሳል?
ገመድ ነው ይሄ፤ የሄደ በገመዱ ይሳባል።"

የአባቴ ምልክት መጋዝ ነበር፤ ሦስት መስመር ከሰል።
ለጣውላ ሥራ ወደ ቴፒ ሄደ፤ "ለመስቀል
እደርሳለሁ" ብሎ። መስቀል አለፈ። ሌላው መስቀል አለፈ።
በየዓመቱ ቤቱ ኖራ ሲቀባ፣ ብሩሹ መጋዙ ጋ ሲደርስ ዞሮ አለፈ።
እናቴ ጠጅ ቤት አትገባም። ደጃፍ ቆማ አንገቷን ታሰግጋለች፤
ሦስት መሆናቸውን ቆጥራ ትሄዳለች።

ከዓመታት በኋላ፣ ወንዙ ዳር ሊዋብ ነው ተባለ፤
በሩ ላይ ቀይ ቀለም ዋለ።
ዶዘሩ ማክሰኞ ማለዳ መጣ።
አባ ፊጣ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣
ከዘራቸውን ከፊቱ አስተኙት።
ሹፌሩ፣ ልጅ እግር ነው፣ ወርዶ አነሳው፤
አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ፣
"አባባ፣ ወድቆብዎታል" ብሎ ሰጣቸው።

ጎማው፣ መነጽሩ፣ መጋዙ ባንድ ላይ ወደቀ።

አሁን አግዳሚ ወንበር አለ፤ መብራት አለ። አላማረም አልልም፤
ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ጭቃው ጫማ አይነጥቅም።
ወንበሩ ላይ ሁለት ሰው ተጣልቶ አየሁ አንድ ማታ፤
እስኪደክማቸው ተሰዳድበው ሄዱ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በዝምታ።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ የሺን አገኘኋት፤
የእህቷ ልጅ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፤
ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ መውረድ ትታለች፤
ዝናቡን ከላይ ታየዋለች።
የሦስት ብርሌ ሒሳብ፣ በዛሬ ዋጋ አስልቼ፣ መዳፏ ላይ አኖርኩ፤
"የአባቴን ልዝጋ" አልኩ።
ብሩን አየች። እኔን አየች።
አዲስ ቀለም የተቀባውን የሰው ግድግዳ ዞራ አየች።
"ውሰደው" አለች፤
"ከምን ላይ ልፋቀው?"