ረቂቅ ዐሥራ ሰባት

ነሐሴ ሲጋመስ፣ የደብረ ማርቆስ ዝናብ
ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣ እኔ ፋይል ሳነብ፣
ሰርቨሩ ሞላ አሉ፤ ከባሕር ዳር ደወሉ፦
«ያልጸደቀውን ሁሉ እስከ ማታ ጣሉ።»
ጣይዋ እኔ ሆንሁ፤
ወንበር ሳብሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ከላይ ጀመርሁ።

ፋይል እንደ ካህን ነው፣ በማዕረግ ያድጋል፤
ረቂቅ ተብሎ ይወለዳል፣
ለግምገማ ደጅ ይጠናል፣
ቢታደል ይጸድቃል፣
ሲያረጅ ማኅደር ይገባል፤
ካልታደለም እንዲህ፣ በክረምት፣ በእኔ ጣት ይጠፋል።

ስማቸውን አነበብሁ፣ የሰው ጭንቀት ሁሉ ስም ሆኖ፦
«ድልድይ የመጨረሻ»፣
«ድልድይ የመጨረሻ መጨረሻ»፣
«የቅዳሜው ይሻላል»፣
«አትንኩ የይታይሽ»።
(ይታይሽ እኔ ነኝ። እሱንም ነካሁት።)
ሰረዝሁ። ሰረዝሁ። እጄ ተለማመደ፣
አርባ ጊጋባይት ሄደ፣
ማንም አላለቀሰ፣ ማንም አልፈረደ።

አጎቴ ዲማ ቅኔ ሲቆጥር
የማታውን ጧት አይደግመውም ነበር፤
ተናገረው፣ ነፋስ ወሰደው፣ በቃ፤
እሱን እያሰብሁ ነው ያልከበደኝ ጥረጋ።

ከዚያ አንዱ እምቢ አለኝ።
ትንሽ ቀይ ጓጉንቸር፣ ከጓጉንቸሩ ሥር
«ስንሻው ይዞታል» የሚል ጽሑፍ ነበር።
ስንሻው የለም እኮ! ቡሬ ዘይት ፋብሪካ ከገባ ከርሟል፣
ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ወፍሯል፣
ፋይሉ ግን አልሰማም፦
«ስንሻው ይዞታል።»

ሥልጣኑ አለኝና ጓጉንቸሩን ሰበርሁት፤
ሳልጥለው ልየው ብዬ፣ አንድ ጊዜ ከፈትሁት።

የጨሞጋ ድልድይ፣ ረቂቅ ዐሥራ ሰባት።
ያው እኛ ያጸደቅነው፤ ያው ምሰሶ፣ ያው ብረት።
የተለየው ውኃው ነው።
በጸደቀው ፋይል ውኃው ጨዋ ነው፣
ከምሰሶው ጉልበት በታች አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤
በስንሻው ረቂቅ
ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ይመጣል።

ከጥግ ማስታወሻ ትቷል፣ ፊደል እየገደፈ፦
«አባ ውድነህ፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣
ልጅ ሆኜ ጎርፉ እዚህ ደርሷል ብለው ድንጋይ አሳዩኝ።
ድንጋዩን ለካሁት።
የሽማግሌ ወሬ መረጃ አይሆንም አሉኝ።
ይሁን፤ ግን አንድ ጊዜ ላስኪደው።»

እኔም አስኬድሁት።
ማራገቢያው ጮኸ፣ ኮምፒውተሩ ጋለ፣
ሃያ ደቂቃ ቆየ።
ሁለተኛው ምሰሶ ብርቱካን ሆነ፣
ቀላ፣
ዘመመ፤
ድምፅ የለው፣ አቧራ የለው፣ ሰው የለበት፣
ዝም ብሎ ወደቀ።
መለስሁት፤ ቆመ።
አስኬድሁት፤ ወደቀ።
ውጭ ዝናቡ ያንኑ ቆርቆሮ ደበደበ።

አጎቴ ሆይ፣ የተበላሸ ቅኔ
ሰው አሳፍሮ አይወድቅም።
ለካ ፋይልም ቢሆን፣
የጸደቀ ሁሉ ጻድቅ አይደለም።

የጸደቀውን ግርጌ አየሁት፣ ማን ፈረመ ብዬ፦
«ያረጋገጠች፦ ይታይሽ ዳምጤ።»
ዓርብ ነበር፣ አስታወስሁት። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ
ሦስተኛውን ገጽ ዘልዬ ነበር።
አሁን እዚያ ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ብረቱ ታስሯል፤
ሲሚንቶው ሸራ ለብሶ ጳጉሜን ይጠብቃል።

«ሁኔታ» የሚለውን ሣጥን ከፈትሁ፣
«ረቂቅ» ያለውን ወደ «ለግምገማ» ገፋሁ።
ማሽኑ ጠየቀኝ፦ «ባለቤቱ ማነው?»
የስንሻውን ስም አልነካሁም፤
ከሥሩ የኔን ጻፍሁ፣
ዳምጤ ድረስ፣ ሳላሳጥር።

ስልኩ ይጮኻል። ባሕር ዳር ነው።
ሰርቨሩ እንደ ሞላ ነው፣
ጨሞጋም።