ሠንጠረዥ ሰባት

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅር አደረ።
ደብዳቤ ከክልሉ መጣ፤ ቀኑን አሳጥሮ ቀጠረ፦
«የሴት ታራሚዎች ቁጥር፣ የአምስት ዓመት አዝማሚያ፣
በክስ ዓይነት፣ በዕድሜ፣ በትምህርት፤ ከአጭር ማብራሪያ።»
እኔ መዝገብ ያዥዋ፣ ጎንደር ላይ፣ ከማረሚያው ቤት፣
መብራት ጠፍቶ፣ ኮምፒውተሩ ሙት፣
እርሳስና ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥኩ።

አርባ አንድ። ሃምሳ ሦስት። ስድሳ ስምንት። ሰማንያ ዘጠኝ።
ዘንድሮ መቶ አራት። ነጥብ ከነጥብ ሳጋጥም መስመሩ ቀደመኝ፤
ሊማሊሞ እንኳ ሲወጣ ይጠመዘዛል፣ ለተጓዥ ትንፋሽ ያዝናል፤
ይኼ ግን እጥፋት የለው፣ ቀጥ ብሎ ገደሉን ይቧጥጣል።

«ግድያ» ከሚለው ሥር ዘጠኝ ብዬ ሞላሁ።
ባንቺአምላክ አንዷ ናት፣ የወገራዋ፤ እጇን አውቀዋለሁ፤
ትንሿ ጣት ተሰብራ፣ ወጌሻ ሳያያት በጠማማው ገጥማለች።
ሁለቴ ቀበሌ፣ ሦስቴ ሽማግሌ ፊት ቆማለች፤
«ታገሺ» ተብላ ተመልሳለች።
ዘነዘናው የተነሣው አንድ ሌሊት ነው፤
ከዚያ በፊት ያለው አሥራ አንድ ዓመት ግን ዓምድ የለው።

«ኮንትሮባንድ»፣ ሃያ ሁለት። ትርንጎ፣ የጭልጋዋ።
ኬላው ሲታይ ሹፌሩ ወርዶ ሮጠ፤ እሷ ልጇ ነበር በጀርባዋ።
ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን የሰማችው ችሎት ቆማ ነው፤
ሦስት መቶ ብር ልትቀበል ነበር፤ እሱም እስከ ዛሬ ዱቤ ነው።

«እምነት ማጉደል»፣ ሠላሳ አንድ። ከነሱ እናንዬ፣
የበርበሬ ተራ ዕቁብ ጸሐፊ፤ ሳንቲም የማትስት፣ ገበያ ስወርድ አይቻት አውቃለሁ።
ወንድሟ «ላንድ ሳምንት» አላት፤ ሰጠችው፤ መተማን ተሻገረ።
እምነቱን ያጎደለ ማን ነው? ማንስ ታሰረ?
ሳጥኗ ጠባብ ናት፤ አንድ ሰው ብቻ ትይዛለች፤
እናንዬም ብቻዋን ገብታለች።

ወህኒ፣ አባቶች እንዳወሩት፣ በለሳ በኩል ያለ አምባ ነበር፤
ዙፋን እንዳይመኝ የነጋሢ ዘር ወጥቶበት የሚቀር።
ስሙ ከተራራው ወርዶ ዛሬ ከተማ ገብቷል፤
በርበሬ ከምትመዝን ሴት የማን ዙፋን ሰግቷል?

እኔ እቆጥራለሁ፤ እነሱ ይቋጥራሉ፤
በመቀነታቸው ጫፍ፣ ወር በገባ ቁጥር አንድ ይጨምራሉ።
ድምሬ አልገጥም ሲል መዝገቡን ትቼ
መቀነት አያለሁ፣ ግቢ ወጥቼ።

«የጭማሪው ምክንያት» ይላል መጨረሻው፤ መስመር ተኩል ተትቷል።
አምና የነበረው ባልደረባዬ «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ሞልቷል።
ካቻምናም እንደዚያው።
የማን ግንዛቤ? አልተጻፈም፤ ቦታው አልቆበት መሰለኝ።
እኔም በጥር ለወንድሜ ዋስ ሆኛለሁ፣ አዘዞ፣ ባንክ፤ «ፈርሚ» ሲለኝ
እጄ እንኳ አላንገራገረ።
ከዚህ ወንበር እስከዚያ የብረት በር አሥራ አራት እርምጃ ነው፤
ዝናብ ባልነበረ ቀን ለክቼዋለሁ።
መስመር ተኩሉን ባዶ ተውኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ መቶ አራት ብዬ ነካሁት፤ ኮምፒውተሩ ተቀበለ።
ከግቢው የተረኛዋ ድምፅ፣ ቆጠራ፣ ስም በስም ቀጠለ።
«ባንቺአምላክ ውበቱ!»
«አለሁ።»
«እናንዬ ገላው!»
«አለሁ።»
«ትርንጎ አድማስ!»
«አለሁ።»
ከሷ ቀጥሎ ሌላ ድምፅ፣ ቀጭን፤ ማንም አልጠራው፤
ሠንጠረዥ ሰባት ላይ የለ፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው፤
እናቱን ሰምቶ ይደግማል፤ «ለ»ን ገና ምላሱ አልያዘም፤
ዝናቡ ውስጥ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ፣
«አየሁ» ይላል።