ሁለት ገጽ ተኩል

ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ዋርካ ባጠላበት፣
ጠረጴዛ አለችኝ፣ አንድ እግር የጎደላት፤
በጡብ ደግፌያታለሁ። ገጹን በሃምሳ ብር
የባሕር ዳርን ክርክር አሰፍራለሁ በመስመር።

ሰኞ ጠዋት መጣች ዘምዘም እንግዳው፣
መዳፏን የደንገል ስለት የቧጨረው፤
መጥሪያ ይዛለች፣ አራቴ የታጠፈ፣
በላብ የራሰ፣ ማኅተሙ ያደፈ።
«አንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት፣
የሐኪም ውጤት ይመስል፣ ቀስ ብዬ፣ በፍርሃት፦

«ከሳሽ፦ ላቀው ምናሉ፣ የጌጥ ዕቃ ነጋዴ።
ተከሳሽ የእኔን ንድፍ፣ ያለ አንዳች ፈቃዴ፣
ስንዝር የምታህል ታንኳ፣ ሦስት ቦታ የታሰረች፣
ጫፏ ቀና ያለ፣ ወደብ ዳር ዘርግታ ሸጠች።
የምስክር ወረቀቴ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤
ኪሳራዬ ሲሰላ አርባ ሺህ ብር ደርሷል።»

ሳቀች መጀመሪያ። ኋላ ሳቋ ቆመ።
«ጫፏ ቀና የምትለው ውኃ እንዳይገባባት፤
ሦስቴ የምትታሰር ማዕበል እንዳይፈታት፤
ይሄን እኔ አላሰብኩት፤ አባቴም አላሰበው፤
ሐይቁ ነው እየመታ በግድ ያሳሰበው።»

ከከረጢቴ አወጣሁ የአዋጁን ቅጂ፤
ጥጉን አይጥ ቢበላው፣ ቃሉስ አለ እንጂ፦
«ንድፍ የሚጠበቀው አዲስ ሲሆን ብቻ።»
አዲስ። ሦስት ፊደል። በዚህ አሮጌ ሐይቅ ዳርቻ!

«ማስረጃ አለሽ?» አልኳት። «ቀን ያለበት ፎቶ፣
ደረሰኝ...» ራሷን ነቀነቀች፣ ፈገግታዋ ጠፍቶ።
«ደንገል ዓመት አይሞላም፤ ይበሰብሳል፤ ያልቃል፤
የአባቴ ታንኳ ዛሬ የት እንዳለ ማን ያውቃል?
እኛ ለልጅ የምናወርሰው ዕቃውን አይደለም፤
ማጎንበሱን ነው እንጂ። ለእሱ ደረሰኝ የለም።»

የራሴን ልናገር። በማመልከቻ መጨረሻ
የማስገባት መዝጊያ ነበረችኝ፣ ለእንባ ማበሻ፦
«እንደ ወደቀ ግንድ ሳይሆን እንደ ሰው ልታይ።»
ይቺን ስጽፍ ከርሜ ሃያ ዓመት ከዚህ ላይ፣
አንድ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ቀድቶ አስቀምጧታል፤
«የእኔ ናት፣ ጋሼ» ብሎ ዓይኔን አይቶ ይምላል።
ተናድጄ ሳበቃ ትዝ አለኝ ሌሊቱን፦
ከመሪጌታ ፈንታ ነው የሰማሁ ቃሏን።

የቀጠሮው ዕለት፣ ከዳኛዋ ፊት፣
ሁለት ታንኳ ቀረበ፣ ኤግዚቢት ከኤግዚቢት።
የመዝገብ ቤቱ ሙጫ በወበቁ ለቆ
ቁጥሮቻቸው ወድቀዋል፤ ጸሐፊው ተሳቆ
«የቷ የማን ናት?» አለ። ላቀው መነጽሩን
ጠረገ፣ ጠረገ። አልመረጠም አንዱን።

ክፉ ሰው አይደለም። የፕላስቲክ ታንኳ
በካርቶን ሲራገፍ፣ ዋጋው አሥር ብር እንኳ
ሳይሞላ፣ ደንግጦ ነው የሮጠ ለወረቀት፤
አጥር ሲያጥር ግን ዘምዘምን ከውጭ አስቀራት።

እሷ ግን ገልብጣ የእስሩን ውስጥ አየች፦
«ሁለቱም የእኔ ናቸው፤ ይቺኛዋን» አለች፣
«በጥምቀት ሰሞን ለእሱ በሠላሳ ብር ሸጥኳት።»
ችሎቱ ዝም አለ። ዳኛዋ ጠየቀቻት፦
«ደረሰኝ?»

ተለዋጭ ቀጠሮ፦ ጥቅምት ሃያ አንድ፣ ከሰዓት፤
ባለሙያ ተጠርቶ እንዲመሰክርበት።
(ባለሙያው ማን ይሆን፣ እሷኑ ካልጠሩ?)

መልሷን የጻፍኩ ዕለት፣ ሁለት ገጽ ተኩል ወጣው፤
ሂሳቡ መቶ ሃያ አምስት። መቶዋን ከፈለች፤
ለቀረው፣ ከጉያዋ፣ ታንኳ አስቀመጠች።
ያችን መዝጊያ አልጻፍኩባት፤ ግማሹን ገጽ ተውኩት፣
እንዲሁ ነጭ እንደሆነ መዝገቡ ውስጥ አስገባሁት።

አሁን ከሐይቁ በኩል ነፋሱ ሲነሣ
ጠጠር ጭኜባታለሁ፣ ወረቀቴን እንዳይነሣ።
ትናንት ላቀው ሲያልፍ ጠረጴዛዬ ዘንድ
ቆመ፤ አየት አደረጋት፤ ጫፏን ነካ በጣቱ አንድ፤
«ጥሩ እጅ ናት» አለኝ።
«ከማን ገዛሃት?»