ተራ ቁጥር አሥራ አራት

ማኅተም ያለው ደብዳቤ በኪሴ አጥፌ፣
አርባ ጥያቄ ያለው ቅጽ በክላሰር አቅፌ፣
ከባሕር ዳር በባጃጅ፣ የዘጌን መንገድ አቧራ ጠጥቼ፣
ረፋድ ላይ ደረስኩ፣ ኮቴን አራግፌ።
"የወንዶች ማገገ" ይላል ታፔላው፤
ቀሪውን ፊደል ዝናብ ልጦታል።

"ሻይ ላስመጣልህ?" አሉ አቶ ስንሻው፣ አስተዳዳሪው።
"ሥራ ይቅደም" አልኩ፤ ክላሰር ስይዝ እንዲህ ነው የምናገረው።

አንድ፦ አልጋ። ሃያ ሁለት። ቆጠርኩ።
ሁለት፦ አንሶላ። አለ። አንዱን ገልጬ አሸተትኩ፤
በረኪና፣ ከበረኪናው ሥር ላብ፣
ሰው ከራሱ ጋር ታግሎ ሲያድር የሚያወጣው።
አምስት፦ መጸዳጃ። ሁለት፤ የአንዱ በር አይገጥምም።
ዘጠኝ፦ ነርስ። አንዲት፤ መድኃኒት ልታመጣ ከተማ ሄዳለች።
አሥራ አንድ፦ የሥራ ሕክምና።
በእጃቸው ወደ ሐይቁ ጠቆሙኝ።

ከደንገሉ ወዲያ፣ እስከ ጭናቸው ውኃ ውስጥ፣ ሰባት ወንዶች
እንቦጭ ይነቅላሉ፣ ይጎትታሉ፣ ይከምራሉ።
"ይጠፋል?" አልኩ።
"ሐሙስ ያጸዳነው ሰኞ ተመልሶ እናገኘዋለን" አለኝ አንዱ፣ ክንዱ የተቧጨረ፤
"እኛም ሰኞ እንመለስበታለን።"
ይህ የሚጻፍበት ሣጥን ፈለግሁ። የለም።
"አዎ" ላይ ምልክት አድርጌ አለፍኩ።

አሥራ አራት ላይ ቆምኩ።
"የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው? የጥበቃው ስም?"
አቶ ስንሻው አገጫቸውን አሹ። "ጥበቃ የለንም።"
"ታዲያ ቁልፉ?"
"በተራ ነው።
ማታ ማታ ከነሱ አንዱ ይይዘዋል፤
የትኛዋ አረቄ ሻጭ በዱቤ እንደምትሰጥ የሚያውቅ፣
በስንት ሰዓት አንኳኩቶ እንደሚከፈትለት የሚያውቅ፣
ለዚያ ሰው እንሰጠዋለን።"

ትናንት የአንሙት ተራ ነበር፤
የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ ጣቱ ዛሬም ናፍጣ ናፍጣ የሚል።
ሸሚዙን ገልጦ ደረቱን አሳየኝ፤
የቁልፉ ጥርስ ቆዳው ላይ ታትሟል።
"ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከበደኝ፣ ኩንታል አከለ።
በሩ ድረስ ሄድኩ። ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩት።
ያኔ ሃያ አንድ ሰው ሲያንኮራፋ ሰማሁ፣
እኔን አምኖ የሚያንኮራፋ።
አወጣሁት።"
ከዚያ ሳቀ።
"ጠዋት ነው የነገሩኝ፤ ግማሾቹ ነቅተው ነበር፣
ሆን ብለው ነው ያንኮራፉት።"

"የሄደስ አለ?"
"አለ" አሉ አቶ ስንሻው፣ አልሸሸጉም፤ "ዘንድሮ ስድስት።
አራቱ ተመልሰው አንኳኩ።
አንዱ ቁልፉን ይዞ ነው የጠፋው፤
በሦስተኛው ቀን፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሕፃን ልጅ ላከልን።"

መመሪያው ግልጽ ነው፦ ጥበቃ ከሌለ፣ "አያሟላም"።
የእስክሪብቶዬን ክዳን ከፈትኩ።

የቢሮው ሰው እስከዚህ ድረስ ነው።
ከዚህ ወዲያ ያለው የይርሳው ወንድም ነው።

እናታችን ናት ስሙን ያወጣች፣ ከሱ በፊት ሁለት ቀብራ፣
"ልቤ ይርሳው" ብላ ያንን መከራ።
እሱ ግን ረሳ፤ ጫማውን ሰው ቤት፣ ልጁን ትምህርት ቤት በር፣
የሚረሳውን ሁሉ ረሳ፣ ከአንድ ጠርሙስ በቀር።
ሦስት ጊዜ ቆልፌበታለሁ፣ ከውጭ፣ በቻይና ጓጉንቸር።
አንዴ በመስኮት ወጣ። አንዴ በጣሪያ።
በሦስተኛው እኔው ከፈትኩለት፣ ጩኸቱን ጎረቤት እንዳይሰማ።
ቁልፉን ለሱ መስጠት
ከቤታችን ማንም አስቦት አያውቅም።

"የጥበቃው ስም" በሚለው መስመር ላይ
"ተራው የደረሰው" ብዬ ጻፍኩ።
ኃላፊዬ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።

ሻይ መጣ። ጠጣሁ።
"አልጋ መቼ ይለቀቃል?" አልኩ።
አቶ ስንሻው ክላሰሬን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን።
"ለቅጹ ነው?"
"አይደለም።"
"ስሙን ንገረኛ።"
ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡና
ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት ላይ አሰፈሩት።

ቁልፉ በስንተኛው ሌሊት እንደሚደርሰው
ጣቴን እየቆጠርኩ በባጃጅ ተመለስኩ።