ደቻቱ ዳር

ወርቅአገኘሁ ደላላው፣ አሸዋው ላይ ቆሞ፣
«ደርቋል» አለኝ፤ «እየው፤ ወንዝ ነበር ቀድሞ።
ሦስት ሱቅ ይወጣዋል፤ ዋጋውም ረከሰ፤
ፈርም እንጂ ወንድሜ፣ ሰው ቦታ ጨረሰ።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ።
ቀና ስል ደንገጎ ጉም ለብሶ ጠቁሯል፤
እዚህ ጠብ ሳይልም እዚያ ላይ ይዘንባል።
እስክሪብቶውን መለስኩለት።

ያን ዓመት ጎርፍ አልመጣም። ዘንድሮም አልመጣም።
ወርቅአገኘሁ ባጃጅ በባጃጅ ላይ ጨመረ፤
እኔ ሳቢያን፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
ለኪራይ ሳንቲም እቆጥራለሁ።
ሚስቴ ዘነበች፣ «እንግዲህ ተራራው ያብላና» ትላለች።
እስቃለሁ። አንዳንዴም ያመኛል።

ግን ሊነጋጋ ሲል፣ ዳዊቴን አጥፌ በራፍ ላይ ስቆም፣
ዓይኔ አሸዋውን ትቶ ሽቅብ ይሄዳል፤
ጉሙን አልፎ፣ ጉሙን ወደሚያዝዘው።
ምን ላድርግ? የተሰጠኝ ዓይን
ቁልቁል ሲያዩበት ያለቅሳል።