የሚዛን ሠራተኛው ካርታ

ሠላሳ አንድ ዓመት ግዳንስክ ወደብ ቆሜ፣
ጭነት መዝኛለሁ እስኪዝል አቅሜ፤
ከሰል፣ ስንዴ፣ ብረት፣ በበርሜል ጨው ዓሣ፣
አንድ ኪሎ ሳልሰርቅ፣ ግራም ሳልረሳ።
ጡረታ ወጥቼ በተቀመጥኩበት
ልጄ ሉድሚላ መጣች፣ ነጭ ወረቀት ይዛበት።

"አባዬ፣ እሑድ ሰፈሩ በእግሩ ይወጣል፣
መሪ የለም ከፊት፣ ካርታ ይበቃናል።
ዛፉን፣ ወፉን፣ ሣሩን፣ ግንብ ላይ የበቀለውን፣
አንተ ጻፍልን ስትመላለስ ያየኸውን።"
"እኔ የማውቀው ከረጢት ነው" ብላት፣
እርሳስ ቀርጻ እጄ ላይ አኖረች፤ እምቢ እንዴት ልበላት?

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ ብቻዬን፣
በኪሴ ሸጉጬ ቁራሽ ዳቦዬን።
ከአረንጓዴው በር ላይ "አንድ" ብዬ፣
እርምጃ ቆጠርኩ በሰፊው ጫማዬ፤
አራት መቶ አሥር እስከ አሮጌው ክሬን፣
ሁለት መቶ ዘጠኝ ከዚያ እስከ...
እዚህ ላይ ጠፋኝ፤ አንዲት የባሕር ወፍ
ዳቦዬን ነጠቀች ከእጄ ላይ ስትከንፍ።

ተመልሼ ስቆጥር ጉልበቴ ዛለና እርምጃዬ አጠረ፤
መንገዱ ያው ሆኖ ቁጥሩ ተጨመረ።
ታዲያ ለያጎዳ፣ ለልጅ ልጄ እግር፣
ስንት ልጻፍላት? ይቸግራል ነገር።
"ሚዛን አይዋሽም" ሲል የኖረው አፌ
ዝም አለ። አጠፋሁት ቁጥሩን በላጲስ ገፍፌ።

በምትኩ እንዲህ ጻፍኩ፦

የሬንጅ ሽታ እስኪለቃችሁ ወንዙን በግራ ይዛችሁ ሂዱ፤
ወንጭፊቶች ከጡቡ ስንጥቅ ሲፈናጠሩ ካያችሁ፣ አትፍጠኑ፣ አትንጎዱ።
እነሱ መሬት አያርፉም፤ እናንተ ግን አርፉ፣
ግንቡን ተደገፉ።
ድንጋዩ ሽበት አብቅሏል፤ በጥፍር አትፋቁት፣
ከእኔም በዕድሜ ይበልጣል፣ አንቱ በሉት።

ከጎተራው ደሴት ጀርባ ሳማ አለ፤ ተጠንቀቁ።
ልጆች ግን አንዴ ይንኩት፣ እንዲያውቁ።

ጣሪያው የወደቀው መጋዘን ጥግ ቁሙ።
ድሮ መርከቦች ባዶ ሲመጡ፣ ማዕበል ላይ እንዳይዘሙ፣
አፈርና ጠጠር በሆዳቸው ይሞሉ ነበር፤
እህል ሊጭኑ ሲሉ ይደፉታል፣ እዚሁ ዳር።
እሱን የመዘነ የለም፣
ዋጋ የለውም፣ ቀረጥም አይጠየቅም።
ዘር ነበረበት።
ይኸው ሐምራዊ አበባ፣ እኔ ስሙን የማላውቀው፣
የት ሀገር እንደተነሣ ማንም ያልጠየቀው፤
በመዝገቤ ያልሰፈረ ብቸኛው ጭነት፣
እሱ ነው የቀረ፣ ስንዴውማ ተበላ፣ ብረቱንም ዛገበት።

ሉድሚላ አንብባ አንብባ፣ "ጥሩ ነው" አለች፣ "ግን አባዬ፣
ሽንት ቤቱስ? አግዳሚ ወንበሩስ? ዝናብ ቢጥልስ?"
ኧረ ጉዴ!
ሦስቱንም ጨመርኩ፣ ከዳር፣ በትንንሽ ፊደል።

እሑድ።
ብርድ ልብስ ጉልበቴ ላይ፣ አንገቴ መስኮት ላይ፣
ሲያልፉ እጠብቃለሁ፣ ካርታዬ ሲሠራ ላይ።
ፊተኛው ዳቦ ጋጋሪው ኦልጌርድ ነው፤
ወረቀቱን ዘቅዝቆ ነው የያዘው!
በግራ ያልኩትን ወንዝ በቀኙ አድርጎ ይመጣል፤
ልጮህበት አፌን ስከፍት፣
ሰውዬው ጎንበስ ብሏል።

ያጎዳም አጠገቡ። ከድልድዩ እግር ሥር
ጣታቸውን ቀስረው ያያሉ አንድ ነገር፤
አንዷ ሴት መነጽሯን አወጣች፣
ሌላዋ ተንበረከከች።
ካርታውን አየሁት፣ ገልብጬ አየሁት፤
እዚያ ቦታ ላይ ምንም የለም የጻፍኩት።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ድልድይ ነው የተመላለስኩት።

ብርድ ልብሱን ጣልኩት።
ጫማዬን ወዴት ነው ያስቀመጥኩት?