የእሳት እራት ልጆች

ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ የአበባ እርሻው ፕላስቲክ ከሚያልቅበት፣
አንድ ቁራሽ መሬት አለ፣ ሁለት ዙር ሽቦ ያጠሩበት።
ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፦ «ሄምፕ፤ ለሙከራ፤ ለቃጫ ብቻ»፣
«ብቻ» የሚለው ቃል በቀይ ቀለም፣ በሰፊው፣ ለብቻ።

ጉርሜሳ ሌሊት ይዞረዋል፣ በቆመጥና በፋኖስ፤
ጎረምሶች ባጥር ሽንቁር፦ «ጋሼ፣ ይጨሳል ወይስ…»
«ገመድ ነው!» ይላቸዋል፤ «ብታጨሱት ትርፉ ራስ ምታት፣
ደግሞም የተቆጠረ ነው፤ ፖሊስ ያውቀዋል አንድ ባንድ፣ ለይቶት።»

እውነቱን ነው።
ሐሙስ ሐሙስ ኢንስፔክተሩ፣ ቦት ጫማውን ጭቃ ውጦት፣
እግር በእግር ይቆጥራል፤ እኔም መዝገቡን ይዤለት።
ሺህ ሁለት መቶ። ሺህ ሁለት መቶ። ፊርማ። ማኅተም። ደህና ሁኑ።
እንዲህ እያለን ሐምሌ አለቀ፣ በጉም ተሸፍኖ ቀኑ።

የኔ ሥራ ቅጠል መቁጠር ነው። «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲሏት፣
እናቴ «ባንክ ናት» ትላለች፤ ቆጠራ አይደል፣ ምን አለባት?

በነሐሴ አንድ ሌሊት፣ በበር ያላለፈች መጣች፣
መታወቂያ ያልተጠየቀች፣ ስሟን የትም ያልፈረመች።
የእሳት እራት ይሏታል።
እሷ ግን ያን ሌሊት
ፋኖሱን ዝም ብላ አለፈች፤ ለልጆቿ ነበር የምትሻው እራት።
በቅጠሉ ሆድ በኩል፣ ዝናም በማይደርስበት ቦታ፣
ዕንቁላሏን እንደ ሰሊጥ ደረደረች፣ ተጠንቅቃ፣ አስልታ።

የሄምፕ ቅጠል እጅ ይመስላል፤ ሰባት ጣት አለው፣ የተዘረጋ፣
«ቁም!» እንደሚል የትራፊክ እጅ። አንድ ማለዳ፣ ገና ሲነጋጋ፣
ጎንበስ ብዬ ባዳምጥ፣ የካፊያ ድምፅ ይሰማል፤
ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል። ጥርስ ነው፤ ቅጠል ይቆርጣል።
ከሰባቱ ጣት ሥጋው አልቆ፣ ቀርቶ ነበር አጥንቱ፤
አረንጓዴ አባጨጓሬ ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ ጠግቦ እንደ ባለቤቱ።

ኢንስፔክተሩ ጠየቀ፦ «አርባ አንድ እግር የት ደረሰ?»
«ትል በላው» አልኩት። ጻፈ። ጻፈና መልሶ ደመሰሰ።
«ትል የሚል ቦታ የለም፤ ያለው ‹ተሰረቀ›፣ ‹ተቃጠለ›።»
ጉርሜሳ ቆመጡን ጥሎ፣ በአቦ ስም ማለ።

ከአጥሩ ማዶ ጥቅል ጎመኗን ስትኮተኩት የዋለች፣
ጌጤ ቀና አለችና፣ ወገቧን ይዛ ሳቀች።
«ይሄው ትል አምና የኔን ጎመን ሲያወድም፣ ሲልሰው፣
ቀበሌ ሄጄ ነበር፤ የሰማኝ የለም አንድ ሰው።
የእናንተ ቅጠል ሲነካ ግን፣ መኪና መጣ፣ ባለ ኮከብ!
ምነው ጎመኔም ቢያሰክር፣ ይቆጠርልኝ ነበር በመዝገብ።»

ዝም አልን።
ኢንስፔክተሩ ብዕሩን ከደነው።

ከሰዓት ልጆቿ መጡ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ በጣሳ፤
አሥር ብር በጠርሙስ ሙሉ ትል፤ ከኪሱ ከፈለ ጉርሜሳ።
እኔም ከመዝገቡ ጠርዝ፣ አምድ በሌለበት፣ በእርሳስ፣
የጌጤንም ጎመን ቆጠርኩት፦ ስልሳ ሦስት ራስ።

ያልተለቀሙት ግን አፈር ገብተዋል፣ በሽቦው ሥር፣ በዝምታ፤
የኛና የሷ የማይባል፣ አንድ የጭቃ መኝታ።

ከሳምንታት በኋላ፣ ማታ፣ አንዲቷ ፋኖሱን ትዞር ጀመር፤
ጉርሜሳ ቆመጡን አነሳ። ቆየ። አወረደው፣ ሳይናገር።
ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፦
«ይቺንስ» አለኝ፣ «በማን እራት ትጽፊያታለሽ?»